ከድራማው ሰዎች ማንን ትመስላለህ?

የቤተሰብ ድራማ በቴሌቪዥን በታየ ማግስት በየትምህርት ቤቱ ግቢ የሚሰማ አንድ ጨዋታ አለ። «አንቺ እኮ ቁርጥ ታላቂቱን እኅት ነሽ»፣ «እሱ ደግሞ ያንን ነገረኛ አጎት!» እየተባባሉ ተማሪዎች ይሳሳቃሉ። የመምህራን ማረፊያ ክፍልም ቢሆን ከዚህ ጨዋታ ነፃ ነው አይባልም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጨዋታው መልኩን ለውጦ በእጅ ስልክ ላይ ወጥቷል፤ ዐሥር ያህል ጥያቄዎችን መልሰው ሲጨርሱ «እርስዎ እገሊትን ይመስላሉ» የሚል ፍርድ ከነፎቶግራፉ ይመጣልዎታል።

ነገሩ ዋዛ ነው። ዋዛ ቢሆንም ግን መምህር ቆም ብሎ ሊያየው የሚገባ ጥያቄ በውስጡ ይዟል፤ ይኸውም ሰው ራሱን በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ ሲፈልግ የሚያገኘው ምንድን ነው? የሚለው ነው። ይህን ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ በቶጎ ውጫሌ በኩል ተሻግረን ወደ ሐርጌሳ እንሂድ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐርጌሳ በ1991 ነፃነቷን ያወጀችው የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ናት። በከተማይቱ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂቶች አይደሉም፤ በ1988 ጦርነት ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደው የነበሩ፣ በዚያውም አማርኛ ለምደው የተመለሱ ሶማሌዎችም ይገኙባታል። ማታ ማታ በየቤቱ የሚታየው ወደ ሶማሊኛ የተመለሰ የቱርክና የሕንድ ድራማ፣ እኛ ዘንድ ከ2016 ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ እየመለሰ ካቀረበው ጋር የአንድ ገበያ ዕቃ ነው። ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ አማት ጣልቃ ትገባለች፣ ልጅቷ የማይሆን ሰው ትወዳለች። ለሐርጌሳ ሰዎች ግን የቤተሰብን ጉድ በአደባባይ ማየት በቴሌቪዥን የተጀመረ ነገር አይደለም።

በከተማይቱ በ1943 ሬድዮ ጣቢያ ተቋቋመ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ «ወላሎ ሐርጌሳ»፣ ማለትም «የሐርጌሳ ወንድማማቾች»፣ የተባለው የሙዚቃና የትያትር ቡድን ተመሠረተ፤ ከመሥራቾቹም አንዱ ስመ ጥሩው የዑድ ተጫዋች አብዱላሂ ቀርሼ ነበር። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ ከመድረክ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበረ የሴቶቹን ድርሻ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሶማሊኛ በይፋ የጽሕፈት ፊደል ያገኘው በ1972 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለተዋንያን የሚታደል የተጻፈ ድርሰት አልነበረም ማለት ይቻላል። ታዲያ እንዴት ይጫወቱ ነበር?

ለትምህርታችን የሚጠቅመን ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። የሶማሌ ትያትር ግጥምና ተራ ንግግር የተቀላቀለበት ነው። ግጥሙን ደራሲው በቃሉ ይነግራቸዋል፤ ተዋንያኑም ቃል ሳይዘነፉ ያጠኑታል። ተራውን ንግግር ግን ደራሲው ቃል በቃል አይሰጣቸውም። የታሪኩን አካሄድና የእያንዳንዱን ሰው ሁኔታ ይነግራቸዋል፤ የቀረውን ተዋናዩ በመድረክ ላይ ከራሱ አፍልቆ ይናገራል። ስለዚህ የአባትየውን ድርሻ የያዘ ተዋናይ «አባትየው ቁጡ ነው» ብሎ ማወቁ ብቻ አይበቃውም። ልጁ ዛሬ ማታ አምሽታ ስትገባ ምን ይላታል? ነገ ጠዋት ጎረቤት ሲጠይቀውስ? ይህን ካላወቀ አፉ ይያዛል።

ከዚህ ዐይነት ትያትር በውጭው ዓለም ይበልጥ የታወቀው በቦረማ የተወለደው የሐሰን ሼክ ሙሚን ሥራ ነው። (የዛሬው የሶማሌላንድ ብሔራዊ መዝሙር ደራሲም እሱ ነው።) «ሸቤልናጎድ» የተባለው ይህ ትያትር በ1968 ሞቃዲሾ ላይ ታየ፤ በ1974 ደግሞ የቋንቋ ሊቁ አንድርዜየቭስኪ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ለንደን ላይ አሳተመው። የርዕሱ ትርጉም «በሴቶች መካከል ያለ ነብር» እንደማለት ነው፤ የዋናው ሰው ስምም ይኸው ነው። ሰውየው ሸላዮ የተባለችውን ልጃገረድ በማስመሰያ ጋብቻ ያታልላታል፣ ታረግዛለች፣ ጥሏት ይሄዳል። «ሸላዮ» የሚለው ስም የመጣው ከጸጸት ነው፤ ጸጸቷ እንደማለት።

እንግዲህ ከአዳራሹ የተቀመጠውን ተመልካች «ከእነዚህ ሰዎች ማንን ትመስላለህ?» ብንለው ምን ይመልሳል? ነብሩን እመስላለሁ የሚል አይገኝም። ጸጸቷን እመስላለሁ የምትልም አትኖርም። ይህ የሚሆነው በትያትሩ ውስጥ ማንም እነሱን የሚመስል ስለሌለ አይደለም፤ ስማቸው አስቀድሞ ስለተፈረደበት ነው። ሸላዮ የሚለውን ስም ያወጣላት የታሪኩን መጨረሻ የሚያውቀው ደራሲ ነው። ልጅቷ ግን በመጀመሪያው ትዕይንት ላይ የምትጸጸት መሆኗን አታውቅም። በዚያች ሰዓት አንድ ሰው የወደዳት፣ ደስ ያላት፣ ቤተሰቧን ትንሽ የምትፈራ ልጅ ናት እንጂ ሌላ አይደለችም። እንደሷ ያለች ልጅ በየክፍላችን አለች።

ተማሪን በድራማ ሰው ስም መጥራት የሚያስከትለው ጉዳትም ከዚሁ የሚመነጭ ይመስለኛል። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ገና በመጀመሪያው ትዕይንት ላይ ነው፤ እኛ ግን «አንተ እኮ ያ ሰካራሙ ወንድም ነህ» ስንለው የመጨረሻውን ትዕይንት ስም እንሰጠዋለን። ሶማሌዎች «ናናይስ» የሚሉት የቅጽል ስም ልማድ አላቸው፤ ረጅሙን «ዴሬ»፣ ትንሹን «ያሬ» ይሉታል፣ ሰውየውም በዚያው ስም ይታወቃል፣ ብዙ ጊዜም ቅር አይሰኝበትም። ቁመት ግን በዐይን የሚታይ ነገር ነው። የሰው ጠባይ እንደ ቁመት አይለካም፤ መምህር በቀልድ የጣለው የጠባይ ስም ደግሞ ከጓደኛ ስድብ ይልቅ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ተማሪው መምህሩ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ ብሎ ስለሚያምን ነው።

«በስልክ የሚመጣው መልስ ግን እኮ ልክ ነው፤ ሁልጊዜ ራሴን አገኘዋለሁ» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ለዚህ ተማሪ የሚነገረው የአሜሪካዊው የሥነ ልቡና ምሁር የበርትራም ፎረር ሙከራ ነው። ፎረር በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ መመርመሪያ ጥያቄ ሰጣቸው። ከሳምንት በኋላ ለእያንዳንዳቸው «የግል ውጤትህ» ብሎ አንዳንድ ወረቀት አደለና ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቃቸው። አማካዩ ከ4 በላይ ሆነ። ተማሪዎቹ ያላወቁት ግን የሁሉም ወረቀት አንድ ዐይነት መሆኑን ነበር፤ ፎረርም ዐረፍተ ነገሮቹን በአመዛኙ የለቀመው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። «ሰው ያምናሉ፤ ሲከዱ ግን ይቆርጣሉ» ቢባል ማን «እኔን አይደለም» ይላል? ይህ ሙከራ ወጪ ስለማይጠይቅ በማናቸውም ክፍል ሊደገም ይችላል። መምህሩ ለሁሉም አንድ ዐይነት ጽሑፍ አዘጋጅቶ ካደለና ነጥብ ካሰጠ በኋላ ወረቀታቸውን እንዲለዋወጡ ማድረግ ነው። ሳቁ ካለፈ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ የክፍለ ጊዜውን ግማሽ ይወስዳል።

ታዲያ ራስን ከድራማ ሰው ጋር ማስተያየት ከንቱ ነው ማለት ነው? አይደለም። እንዲያውም በዚህ ዘዴ ብዙ ሥራ ተሠርቷል። የሜክሲኮው የቴሌቪዥን ሰው ሚጌል ሳቢዶ በ1975 ጎልማሶች ማንበብና መጻፍ እንዲማሩ የሚያነሣሣ ተከታታይ ድራማ ሲያዘጋጅ ሰዎቹን በሦስት ወገን ከፈላቸው፦ በጎውን የሚከተሉ፣ ክፉውን የሚከተሉ፣ በሁለቱ መካከል የሚዋልሉ። ተመልካቹ ራሱን እንዲያይበት የታሰበው በሦስተኛው ወገን ነው። የሚዋልለው ሰው ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ ያፍራል፣ እንደገና ይሞክራል። ፍጹም የሆነውን ሰው ተመልካች ያደንቀዋል እንጂ «እኔም እችላለሁ» አይልበትም። በአገራችንም ከ2002 እስከ 2004 በሬድዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» በዚሁ ዘዴ የተሠራ ነበር፤ ፍቅርተ የተባለችው ዋና ገጸ ባሕርይ በብዙ ቤት እንደ ዘመድ ትታወቅ ነበር፤ አድማጮችም በሺሕ የሚቆጠር ደብዳቤ ጽፈዋል። ሆርተንና ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1956 እንደገለጹት፣ ሰው በስክሪን ወይም በሬድዮ ከሚያገኘው ሰው ጋር ከሞላ ጎደል የጓደኝነት ስሜት ይመሠርታል፤ ምንም እንኳ ጓደኛየው ስለ እሱ የሚያውቀው ባይኖርም።

እንግዲህ ጥያቄውን መተው ሳይሆን መለወጥ ነው። «ማንን ትመስላለህ?» በሚለው ፈንታ «በዚህች ሰዓት አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ይህም የሐርጌሳ ተዋንያን ጥያቄ ነው።

በክፍል ውስጥ እንዲህ ሊሠራ ይችላል። ተማሪዎቹ ሁሉ ያዩት አንድ የቤተሰብ ድራማ ይመረጥና ታሪኩ ከአንድ ውሳኔ በፊት ይቁም። ለምሳሌ ልጅቷ ደብዳቤውን አግኝታዋለች፣ ገና አልከፈተችውም፤ እናት ከወጥ ቤት ትጣራለች። መምህሩ የየሰዎቹን ሁኔታ ብቻ ያስረዳል፤ የሚናገሩትን ቃል አይሰጥም። ድርሻውን ተማሪ በምርጫ ከወሰደው ሁሉም ቆንጆዋንና ጀግናውን ስለሚሻሙ በዕጣ መሆን አለበት። የቤት ሠራተኛዋና ዘበኛውም ዕጣ ውስጥ ይግቡ፤ ማንም እነሱን እመስላለሁ አይልም፣ ነገር ግን በቤቱ የሚደረገውን ሁሉ የሚያዩት እነሱ ናቸው። አምስት ደቂቃ ያህል ከተጫወቱ በኋላ ድርሻው ይለዋወጥና ያው ትዕይንት ይደገም። እናትን የሆነው ተማሪ ቀድሞ ከሆነችው የተለየ ነገር ሲናገር፣ የትኛው ለእናትየው እንደሚቀርብ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይከራከሩ። ማስረጃውንም ከታሪኩ ያምጡ፤ «እንዲህ የምትል አይመስለኝም» ማለት ብቻውን አይበቃም።

መምህሩ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። የተመረጠው ታሪክ በክፍሉ ካለ ተማሪ ቤት የደረሰውን የሚመስል ከሆነ ሌላ ይምረጥ። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ የክፍል ኃላፊውን መምህር ማነጋገር ይረዳል።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ተማሪዎቹ በወረቀት የሚጽፉት ስለ ድርሻቸው እንጂ ስለ ራሳቸው አይሁን፦ ሰውየው ምን ፈለገ፣ ምን ፈራ፣ ሌላ ምን ማድረግ ይችል ነበር? ራሱን ያየ ተማሪ ሳይጠየቅም ያየዋል። የእናትን ወይም የሠራተኛዋን ዕጣ ያወጣ ወንድ ተማሪ ቢያፍር ደግሞ፣ የወላሎ ሐርጌሳ ወንዶች ሻሽ አስረው ሙሽራም አማትም ሆነው ይጫወቱ እንደነበር ይነገረው።