ስፌቱ ወጥቷል፤ ሆዱ ግን ገና ነው

ቡሬ ላይ በቆሎ ወደ መኪና የሚወጣው በሰው ጀርባ ነው። ጆንያው ኩንታል ይሞላል። ጫኙ ጎንበስ ይላል፣ ሁለት ሰዎች አንሥተው ያሸክሙታል፣ ትንፋሹን ውጦ ይነሣል። ትንፋሹን በያዘባት በዚያች ቅጽበት በሆዱ ውስጥ ያለው ግፊት እጅግ ከፍ ይላል። ሆዱ ተከፍቶ የተሰፋ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ የሚሰጠው ምክር ግን «ለስድስት ሳምንት ከአምስት ኪሎ በላይ እንዳታነሣ» የሚል ነው። አምስት ኪሎ የባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሩብ ማለት ነው።

ኩንታል ተሸክሞ ለሚያድር ሰው ይህ ምክር «ሥራህን ተው» ከማለት አይለይም። ስለዚህ ብዙው ሰው ምክሩን የሚያከብረው ስፌቱ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ነው። ቁስሉ ደረቀ፣ ክሩ ተፈታ፣ ሕመሙ ቀለለ፤ ከዚያ ወዲያ ምን ይጠበቃል?

የሚጠበቀው ከቆዳው ሥር ነው። ቆዳ በሁለት ሳምንት ገደማ ይገጥማል። የሆድን ጡንቻዎች አጣምሮ የሚይዘው ነጭና ጠንካራ ሽፋን ግን ብዙ ይዘገያል። ደም ከረጋና ነጭ የደም ሕዋሳት ቁስሉን ካጸዱ በኋላ ኮላጅን የተባለውን ፕሮቲን የሚሠሩ ሕዋሳት ሥራ ይጀምራሉ። መጀመሪያ የሚሠሩት ክር ቀጭንና የተዘበራረቀ ነው፤ ቀስ በቀስ እየወፈረ ግፊቱ በሚስብበት አቅጣጫ ይሰለፋል። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ የጠባሳው ጥንካሬ ካልተነካ ሥጋ ሩብ ያህል ነው። በስድስተኛው ሳምንት ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ በሦስት ወር እስከ 80 በመቶ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ግን ዕድሜ ልክ አይሄድም። ሆዳቸው በመሐል መስመር ተከፍቶ ከተሰፋ 100 ሰዎች መካከል ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ቆይቶ በጠባሳው በኩል አንጀት ይገፋባቸዋል። እሱን ለመመለስ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና፣ ሁለተኛ የሥራ መቋረጥ ይመጣል።

ይህ አቆጣጠር ለማንኛውም የሆድ ቀዶ ሕክምና ያው ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ሆድ የሚከፈተው በአብዛኛው በድንገት ነው፦ ለትርፍ አንጀት፣ ለምጥ፣ ለአንጀት መጠምዘዝ። የመጨረሻው በደጋው ገበሬ ዘንድ በደንብ የታወቀ ሕመም ነው። የደንዳኔው የታችኛው ክፍል ረዝሞ በጠባብ አንገቱ ላይ ይዞራል፤ ጋዙ መውጫ ያጣል፣ ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ደም ካልደረሰው አንጀቱ ይሞታል። እንዲህ ያለው በሽተኛ ፈቃድ የሚያቅድበት ጊዜ የለውም፤ ሌሊት በቃሬዛ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ለማዋለድ በሁለተኛ ዲግሪ መሠልጠን የጀመሩት ባለሙያዎች በወረዳ ሆስፒታሎች መመደባቸው እንዲህ ያለውን ሰው ከሞት የሚያተርፍ ነው። ከተረፈ በኋላ ያለውን ሁለት ወር ግን የሚያቅድለት ቤተሰቡ ነው።

ቀኑን መርጦ፣ አስቦበት ጠረጴዛው ላይ የሚወጣ ሌላ ዓይነት ታካሚም አለ። ክብደት ለመቀነስ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ለፍኖተ ሰላም እንግዳ ቢሆንም ወሬው ደርሷል። በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከልክ በላይ የወፈሩት 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 8 በመቶ ሆነዋል። በዚያው ጥናት 22 በመቶዎቹ ከልክ በላይ የቀጠኑ ናቸው። ሁለቱ ችግር በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ያድራል። ሕክምናውን የፈለገ ሰው አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ገንዘብ ያለው ወደ ሕንድ ወይም ቱርክ ይሻገራል፤ አሜሪካ ያለች እኅትም አሠርታ ለጥምቀት ስትመጣ ሰፈሩ አይቷት ይደነግጣል።

አሠራሩ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጨጓራን በቁመቱ ቆርጦ ከሦስት አራተኛ የማያንሰውን አውጥቶ መጣል ነው። ሌላው ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት ለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋር በአቋራጭ ማገናኘት ሲሆን፣ ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1966 በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ኤድዋርድ ሜሰን የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ነው። ዛሬ ሁለቱም በአብዛኛው የሚሠሩት ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ በጥቂት ጠባብ ቀዳዳዎች ካሜራና ረጃጅም መሣሪያ በማስገባት ነው። ታካሚው በአንድ ወይም በሁለት ሌሊት ከሆስፒታል ይወጣል።

እንግዲህ «ቀዳዳው ይቺን ታህል፤ በሳምንት ሥራ እገባለሁ» የሚል ስሌት እዚህ ጋ ይመጣል። ስሌቱ የሚስተው ጉልበቱን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ሰው በቀን የሚያገኘው ከ400 እስከ 800 ካሎሪ ብቻ ነው። መጀመሪያ ውኃና ቀጭን መረቅ፣ ቀጥሎ ወተትና አጥሚት የመሰለ ፈሳሽ፣ ከዚያ የላመ ምግብ፣ ከዚያ ለስላሳ፤ ወደ መደበኛው ማዕድ የሚመለሰው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ጨጓራው ተቆርጦ የጠበበበት ሰው በአንድ ጊዜ የሚይዝለት ሁለት ሲኒ ያህል ነው። አንድ ብርጭቆ ውኃ እንኳ ባንዴ አይወርድለትም፤ ቀኑን ሙሉ እየተጎነጨ ይውላል። ስለዚህ ወንበር ላይ የሚሠራ ሰው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቢበቃውም፣ ከረፋዱ በኋላ ዐይኑ ቢከብድበት አይግረመው። ቁስሉ አይደለም፤ የሚነድ ነገር ጠፍቶ ነው። ቆሞ የሚያስተምር መምህር፣ ቀኑን ሙሉ በኮረኮንች የሚንገጫገጭ የባጃጅ ሹፌር ከዚህ በላይ ያስፈልጋቸዋል። ሸክም ላለበት ሥራ አራት ሳምንት ዝቅተኛው ነው፤ ስድስት ቢሆን ይሻላል። ሆዱ በሰፊው ተከፍቶ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ሁለት ወር።

ፈቃዱን ሕጉ ያውቀዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በቡሬ ዘይት ፋብሪካ ለሚሠራውም ሆነ በፍኖተ ሰላም ሆቴል ውስጥ ለምትሠራው ይደርሳል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ቢታመም በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። ወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሰው ስድስት ሳምንት ቢተኛ የመጀመሪያውን 6,000 ይወስዳል፤ ለቀሩት ሁለት ሳምንታት 3,000 ሊያገኝ የነበረው 1,500 ገደማ ይሆናል። ያንን ጉድለት በዓመት ፈቃዱ ለመሙላት ከአሠሪው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይችላል፤ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። አዋጁ ሠራተኛው ከሥራ በቀረበት ማግስት አሠሪው እንዲያውቅና የሐኪም ማስረጃ እንዲቀርብለትም ይጠይቃል። ማስረጃው «ታክሟል» ብቻ ካለ ብዙም አይጠቅም። «እስከዚህ ቀን ከባድ ዕቃ አያነሣም» የሚል መስመር ቢጨመርበት ሠራተኛው ወደ ሚዛን ወይም ወደ መዝገብ ሥራ ለጊዜው እንዲዛወር መነጋገሪያ ይሆነዋል።

ገበሬው ግን ፈቃድ የሚጠይቀው ከማን ነው? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ያኔ በምዕራብ ጎጃም ሥር የነበረው ደቡብ አቸፈር አንዱ ነበር። መድኑ የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል፤ ያልታረሰውን ማሳ አይሸፍንም። እርሻ ደግሞ ከውጭ ለሚያየው በሬው የሚሠራው ይመስላል። አራሹ በአንድ እጁ እርፉን ተጭኖ ማረሻውን መሬት ያስገባል፤ ትልሙ ጫፍ ሲደርስ ሞፈሩን ከነማረሻው ነቅሎ፣ ወገቡን አዙሮ መልሶ ይተክላል። ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያደርገው የሚቆጥር የለም፤ የተሰፋው ሽፋን ግን እያንዳንዷን ያውቃታል። ለጤፍ ደግሞ ማሳው አራትና አምስት ጊዜ ይገለበጣል።

ስለዚህ ቀኑን መምረጥ ለሚችል ገበሬ (ቡአ ለማሠራት ቀጠሮ የያዘም ቢሆን) የሚመቸው ወቅት ግልጽ ነው። በቆሎው በግንቦትና በሰኔ ይዘራል፣ ጤፉ በሐምሌ፤ አረሙ እስከ ጳጉሜን አያስተኛም፤ አጨዳና ውቂያው ከኅዳር እስከ ጥር ይዘልቃል። ትንፋሽ የሚገኘው የካቲትና መጋቢት ላይ ነው። በሌላ ጊዜ ከሆነ ወንፈሉን ቀድሞ መክፈል ይቻላል፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ሳምንታት ለጎረቤት አርሶ፣ በተራው ጎረቤት እንዲያርስለት።

የካቲትና መጋቢት ግን ሌላ ጣጣ አለባቸው። ሁዳዴ የሚውለው እዚያው ነው። አዲስ ሥጋ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው፤ ክብደት ለመቀነስ የተሠራ ሰው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያስፈልገዋል፤ የአሥር እንቁላል ያህል መሆኑ ነው። ያንን በሁለት ሲኒ ጨጓራ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል፣ እስከ ቀትር ከዚያም በላይ ሳይቀምሱና ውኃም ሳይጠጡ ለ55 ቀን መሙላት የሚቻል አይመስልም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው በር አላት፤ የንስሐ አባትን ማማከር ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከሚሠሩ ሥራዎች አንዱ ነው። የላመ ምግብ ሲጀመር ሽሮ ይመቻል፤ 100 ግራም የሽንብራ ዱቄት 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ሆኖም ሽሮው ጓያ እንዳይሆን ዱቄቱን ማጣራት ይገባል፤ ለወራት ዋና ምግብ የሆነ ጓያ እግር እንደሚያስር ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በቂ አይቷል።

ትልቁ ፈተና ግን ጠያቂ ነው። ለአራስ አርባ ወይም ሰማንያ ቀን የሚሰጥ ማኅበረሰብ፣ ገንፎዋን የሚያገነፋ፣ ውኃዋን የሚቀዳ፣ ለተሠራ ወንድ ሲሆን በሦስተኛው ሳምንት «እንደ አራስ ተኛህ እኮ!» ይላል። ይህን የሚለው ሰው የያዘው ምግብ ደግሞ ቅቤ የጠጣ ነው። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» የተባለች አንዲት ጉርሻ ጠባቡን ጨጓራ ልታስመልስ ትችላለች። ማስመለሱ ለቀናት ከቀጠለ ቫይታሚን ቢ1 ያልቃል፤ እግር ይደነዝዛል፣ ሐሳብ ይዘበራረቃል፣ ያኔ የቫይታሚኑ መርፌ በፍጥነት ካልደረሰ ጉዳቱ ይቀራል። አረቄውም እንደ ድሮው አይደለም፤ ከእነዚህ ቀዶ ሕክምናዎች በኋላ አልኮል ወደ ደም የሚገባው ፈጥኖና በርትቶ ነው። ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ዳይክሎፌናክ በአቋራጭ የተገናኘውን ጨጓራ ያቆስላል። ሴቶች ደግሞ ክብደታቸው ሲቀንስ የመፀነስ ዕድላቸው ከፍ ስለሚል፣ ከ12 እስከ 18 ወር እንዳያረግዙ ይመከራሉ። ብረት፣ ቫይታሚን ቢ12 እና ካልሲየም የሚዋጡት ለወራት ሳይሆን ለዕድሜ ልክ ነው፤ ይህም ወጪ ከጅምሩ በበጀቱ ይግባ።

የዕቅዱ የመጨረሻ ክፍል መንገድ ነው። የተሰፋው ጨጓራ ከመቶ ሰው በአንድ ወይም በሁለቱ ላይ ያፈስሳል፤ ይህም በብዛት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት የሚሮጥ የልብ ምት፣ ትከሻ ድረስ የሚዘልቅ የሆድ ሕመም ሲመጣ የሚሻለው የሠራውን ሐኪም ማግኘት ነው። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ 380 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ መንገዱ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነው። ረጅም ሰዓት ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥም በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም ያረጋል። ስለዚህ አሥር ቀን ወይም ሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ከዘመድ ቤት መቆየት ከሕመም ፈቃዱ ላይ የሚቆጠር እንጂ በላዩ የሚጨመር ትርፍ አይደለም። ወደ አገር ቤት ሲመለሱም በየሁለት ሰዓቱ ደጀን ላይም ደብረ ማርቆስ ላይም ወርዶ እግርን ማፍታታት፣ የውኃውን ጠርሙስ ከእጅ አለመለየት ነው። የሐኪሙን ስልክና የተሠራውን ዓይነት የሚገልጸውን ወረቀት ደግሞ ቅጂውን ለፍኖተ ሰላም ጠቅላላ ሆስፒታል ይዞ መምጣት ይጠቅማል፤ ሌሊት መንገድ ቢዘጋ የመጀመሪያው በር እሱ ነውና።