ፕሮግራም ሆይ፥ ስምህ ማን ነው?

አንባቢ ሆይ! በኮምፒዩተር የሚሠራ አንድ የትእዛዝ ጽሑፍ በሥራ ላይ ሳለ የገዛ ፋይሉን ስም ማወቅ የሚያስፈልገው ጊዜ አለ። በተቀመጠበት ማኅደር ያለውን ፋይል ሁሉ እንዲያጠፋ የታዘዘ እንደ ሆነ፥ ራሱን ለይቶ ካላወቀ አብሮ ይጠፋልና።

ብራያን ፎክስ ጽፎት በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣው ባሽ በተባለው የትእዛዝ ቋንቋ ጥያቄውን የሚመልሰው የዶላር ምልክትና ዜሮ፥ ማለት $0 ነው። ነገር ግን ይህ ምልክት የሚነግረን ፋይሉ የተጠራበትን ስም ነው እንጂ የተመዘገበበትን አይደለም። በሰፈር አቡሽ እየተባለ የሚጠራ ልጅ በትምህርት ቤት መዝገብ ሌላ ስም እንዳለው ሁሉ፥ ለፋይሉም ማያያዣ በሚባለው መንገድ ሁለተኛ ስም ልናወጣለት እንችላለን። በዚህ ስም የጠራነው እንደ ሆነ $0 የሚመልሰው ይህንኑ ነው፤ ያ አጥፊ ጽሑፍም ማያያዣውን አትርፎ ዋናውን ፋይል፥ ማለት ራሱን፥ ይደመስሳል! ስለዚህ አስቀድሞ ሪድሊንክ በሚባለው ትእዛዝ ማያያዣው ወዴት እንደሚያመለክት መጠየቅ ይገባል።

ይህን ጠባይ ለጥቅም ያዋሉትም አሉ፤ እኔም እጅግ የማደንቀው ይህን ነው። ቢዚቦክስ የተባለው አንድ ፕሮግራም በተጠራበት ስም እየለየ፥ አንዴ ፋይል ይገለብጣል፥ አንዴ ያጠፋል፥ አንዴም የማኅደሩን ዝርዝር ያሳያል።