የ40 ቀን ሎሌ

ሥርዓቱ አጭር ነበር። ሰውየው ትጥቁን ፈቶ ይንበረከካል፤ ሁለት እጆቹን ገጥሞ በጌታው መዳፎች መካከል ያኖራል፤ ሎሌነቱን ተናግሮ ይምላል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ቫሳል መሆን ይኸው ነው፤ ጌታው መሬት ይሰጣል፣ ሎሌው ይዘምትለታል። ወደ ቁጥር ሲመነዘር ግን ጉድ ያሰኛል።

እንግሊዝን እንውሰድ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኖርማንዲው ዊልያም አገሪቱን በ1066 በጦር ያዘ፤ ከ20 ዓመት በኋላ ማን ምን እንደያዘ አስመዘገበ። ዱምስዴይ የሚባለው ይህ መዝገብ ዛሬም አለ፤ ከ13,000 በላይ ቦታዎች ሰፍረውበታል። ያኔ ሕዝቡ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ቢሆን ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው መሬት በቀጥታ ከንጉሡ እጅ የተቀበሉት 1,100 ገደማ ብቻ ነበሩ። የአገሩን ሩብ ያህል የያዙት ደግሞ ዐሥር ዐሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። የንጉሡ የእናት ልጅ ሮበርት ብቻውን ወደ 800 የሚጠጋ ይዞታ ነበረው። የነባሮቹ እንግሊዛውያን መኳንንት ዕጣማ መነቀል ሆነ፤ ከንጉሡ በቀጥታ ሰፊ መሬት ይዘው የተገኙት ሁለት ብቻ ነበሩ።

ታዲያ ንጉሡ ያን ሁሉ መሬት ሰጥቶ ምን አገኘ? 5,000 ገደማ ባለ ጥሩር ፈረሰኞች። ያውም ዓመቱን ሙሉ አይደለም፤ ልማዱ 40 ቀን ነው። እናስላው፦ 5,000 ሲባዛ በ40 ሁለት መቶ ሺህ የዘመቻ ቀን ይሆናል። ለ365 ቀን ሲካፈል 548 ይወጣል። አንድ አገር ከዳር እስከ ዳር ተከፋፍሎ፣ ዓመቱን ሙሉ ሊያቆም የሚችለው 548 ፈረሰኛ! አንድ ምሽግ ከብቦ ለማስራብ ወራት በሚፈጅበት ዘመን 40 ቀን ምን ያደርጋል?

በጀርመን ነገሩ ከዚህም ይብሳል። ፈረንሳዊው የታሪክ ሊቅ ማርክ ብሎክ የ43 ጌቶች ሎሌ የነበረ አንድ ባላባት ይጠቅሳል። ሁሉም 40 ቀን ቢጠይቁት በዓመት 1,720 ቀን መዝመት ነበረበት። ጌቶቹ እርስ በርስ ቢዋጉስ? ለማን ይሰለፍ?

የእንግሊዝ ነገሥታት መፍትሔውን በገንዘብ አገኙት። በ1159 ዳግማዊ ሄንሪ ወደ ቱሉዝ ሲዘምት፣ ለማይዘምት ፈረሰኛ ሁሉ ሁለት ማርክ አስከፈለ። ሁለት ማርክ 320 ፔኒ ነው፤ ለ40 ቀን ሲካፈል በቀን 8 ፔኒ፣ ልክ የአንድ ቅጥር ፈረሰኛ የቀን ደመወዝ። መሐላው ዋጋ ወጣለት ማለት ነው። አምስቱም ሺህ ቢከፍሉ 10,000 ማርክ ይገባል።

ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ሎሌ ሲሞት ወራሹ መሬቱን ለመረከብ ለጌታው መክፈል ነበረበት፤ በ1205 ንጉሥ ጆን ኒኮላስ ደ ስተትቪል ከተባለ አንድ ወራሽ የጠየቀው ስንት ነበር? 10,000 ማርክ። የመላ አገሩን ፈረሰኞች የዘመቻ ምትክ ከአንድ ሰው!

ከዐሥር ዓመት በኋላ ባላባቶቹ አምፀው፣ የንጉሡን ሥልጣን የሚገድበውን ማግና ካርታ የተባለ ሰነድ ጆን በማኅተሙ እንዲያጸድቅ አስገደዱት። የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሁለተኛው የባላባት ወራሽ ክፍያ ከ100 ፓውንድ፣ ማለትም ከ150 ማርክ፣ እንዳያልፍ ይደነግጋል። ስተትቪል ከተጠየቀው 67 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው።