ቤቱ አንድ ክፍል፣ ማደጊያው ሰፈሩ ሁሉ

የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም (ዩኤን ሃቢታት) አንድን መኖሪያ የተጎሳቆለ የሚለው ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ፣ በቂ ቦታ፣ ጠንካራ ግንባታ ወይም የይዞታ ዋስትና ሲጎድለው ነው። በአንድ ክፍል ከሦስት ሰው በላይ ካደረ ተጣቧል ይባላል። በዚህ ሚዛን ብዙ የአዲስ አበባ ነባር ሰፈር ይወድቃል። ሚዛኑ ግን የሚመዝነው ቤቱን ነው፤ ልጁ የሚያድገው በሰፈሩ ነው።

ጉስቁልናው ምክንያት አለው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራይም ቀነሰ። ቤቶቹን ያስተዳድር የነበረው ቀበሌ በዚያች ኪራይ ማደስ አቃተው፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ገንዘቡን ማፍሰስ አልደፈረም። የግድግዳው ጭቃ እየረገፈ ቤተሰቡ በዛ። በከተማዋ ዳርቻ ደግሞ ያለ ፈቃድ የሚሠሩ የጨረቃ ቤቶች በቀሉ፤ እዚያ ያለ ልጅ አፍራሽ ግብረ ኃይልን ገና ፊደል ሳይቆጥር ያውቃል።

በቀበሌ ቤት ልጆች ቆጥ ላይ ይተኛሉ። ከሥር ከሰል ሲያያዝ ጭሱ ወደ እነሱ ይወጣል። የቤት ሥራ ብርሃን ሳለ ደጃፍ ላይ ይሠራል። ለሴት ልጅ ከሁሉ የሚከፋው በጨለማ ወደ ጋራ መጸዳጃው መሄድ ነው፤ እኔ ከማንኛውም እድሳት ይህን አስቀድማለሁ። ያው ግቢ ግን ሞግዚትም ነው። እናት ጉሊት ስትወጣ «እያያችሁልኝ» ብላ ትሄዳለች፤ ልጅቷ ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት ትውላለች፤ ሲርባት የምታንኳኳው በር አታጣም።

ቦታው ራሱ የሚገድልበት ጊዜም አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ሲደረመስ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

ስለዚህ ነባሩ ሰፈር ይፍረስ ወይስ ይታደስ የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ ወደ 3,000 ልጆችን ለዓመታት የተከታተለው የ«ያንግ ላይቭስ» ጥናት ወደ ኮንዶሚኒየም ስለመዛወር ልጆችንና አሳዳጊዎችን ጠይቋል። የራስን መጸዳጃ ይመኛሉ፤ ክፍያውን፣ ርቀቱንና የጎረቤት መበተንን ይፈራሉ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በመሀል አዲስ አበባ የፒያሳ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ ትምህርት እየተሰጠ ነበር። የመልቀቂያው ቀን ሲቆረጥ ቢያንስ የትምህርት ዕረፍቱን መጠበቅና ልጆቹ የሚዛወሩበትን ትምህርት ቤት አስቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል።