ቴል አቪቭ በባዶ ኪስ
ተማሪ ሳለሁ እናቴ ልትጠይቀኝ ቴል አቪቭ በመጣች ቁጥር አፍር ነበር፤ ካፌ ልጋብዛት አቅሙ አልነበረኝማ። አንድ ቀን ከዲዘንጎፍ ወደ ጠባቧ መንገድ ስንታጠፍ፣ በቤቶች መካከል የተሸሸገች ትንሽ መናፈሻ አገኘን። እንዲሁ በአጋጣሚ የተገኘች እንዳትመስላችሁ። ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ጌዲስ በ1925 ባዘጋጀው የከተማ ፕላን ሰፋፊዎቹ መንገዶች ለንግድ፣ ጠባቦቹ ለመኖሪያ፣ የሰፈሩ መሐል ደግሞ ለመናፈሻ እንዲሆን አስቦ ነበር። ስለዚህ በነጻ ማረፍ ከፈለጋችሁ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ግቡ። (ባሕሩም ነጻ ነው፤ ግን በኦገስት ቀትር እናትን ይዞ አይኬድም።)

እናቴ ዳቦዋንና የቡና ፔርሙዟን አወጣች። «እዚህ መቀመጥ ይፈቀዳል እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ አገር ኖራ!

«የሁሉም ሰው ነው፣ እማዬ።»

ቆየት ብላ ጫማዋን አወለቀች።