ዋንጫው የመከራ ካሳ ነበርን? የኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ የ2006 የውድድር ዘመን

የቶኒ ዳንጂን ታሪክ ከስብከት ወይም ከምስክርነት ሰምታችሁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ ጌታን የሚወድ አንድ የአሜሪካ ፉትቦል አሠልጣኝ ልጁን በሞት አጣ፣ በእምነቱ ጸና፣ በዓመቱም እግዚአብሔር በትልቁ ዋንጫ ካሰው። ሲሰሙት ደስ ይላል። ነገር ግን ያን የውድድር ዘመን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስንመለከተው ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አናገኘውም። አሠልጣኙ ራሱም እንዲህ አድርጎ አልተናገረውም። እስቲ ከመጀመሪያው እንየው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማታውቁ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ፉትቦል እኛ እግር ኳስ ከምንለው ጋር ከስሙ በቀር ብዙ የሚያገናኘው ነገር የለም። በእያንዳንዱ ወገን 11 ሰው ይሰለፋል። ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ አሥር ያርድ ወደ ፊት መሄድ አለበት፤ ካልቻለ ኳሱን ለተቃራኒው ያስረክባል። ወደ ፊት የሚሄደውም በሁለት መንገድ ነው፤ ኳሱን ይዞ በመሮጥ ወይም በእጅ ወርውሮ በማቀበል። የሚወረውረው ሰው ኳርተርባክ ይባላል፤ የቡድኑ አእምሮ እርሱ ነው። ሜዳውን ጨርሶ ከመጨረሻው መስመር ያለፈ ቡድን ስድስት ነጥብ ያገኛል፤ ይህ ታችዳውን ይባላል። ያን ያህል መድረስ ያልቻለ ደግሞ ኳሱን በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል በእግሩ መትቶ ካሳለፈ ሦስት ነጥብ ያገኛል። በሊጉ 32 ቡድኖች አሉ። በ2006 እያንዳንዱ ቡድን 16 ጨዋታ ይጫወት ነበር፤ ከዚያም 12 የተሻሉ ቡድኖች ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ። እዚያ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመጨረሻው ጨዋታ ሱፐር ቦውል ይባላል።

የ2006ን ዘመን ለመረዳት ከዚያ በፊት ከነበረው ዓመት መጀመር ግድ ነው። በ2005 ኮልትስ በተከታታይ 13 ጨዋታ አሸንፎ ነበር። ኳርተርባኩ ፔይተን ማኒንግ በዘመኑ ከነበሩት ምርጦች አንዱ ነበር፤ ዋንጫው የዚያ ቡድን እንደሆነ ያልተናገረ የስፖርት ጸሐፊ ማግኘት ይከብድ ነበር። ዲሴምበር 18 ቀን በሳን ዲዬጎ ቡድን 26 ለ 17 ተሸነፉ። ከአራት ቀን በኋላ ግን ሽንፈቱን ሁሉም የሚያስረሳ መርዶ መጣ። የ18 ዓመት ወጣት የነበረው የዳንጂ ልጅ ጄምስ በፍሎሪዳ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

እንዲህ ያለው ሞት በእኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዴት እንደሚያዝ ታውቃላችሁ። ይደበቃል፣ በሹክሹክታ ይወራል፣ ቤተ ሰቡም ከሐዘኑ ሌላ የኀፍረት ሸክም ይጨመርበታል። የዳንጂ ቤተ ሰብ ግን ልጃቸውን በቤተ ክርስቲያን በክብር ሸኙት። የቡድኑ ተጫዋቾችም ተገኙ፤ አባትየውም በዚያ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ቆሞ ተናገረ። (በቤታችሁ ወይም በራሳችሁ ልብ ይህን የመሰለ ጨለማ ያለባችሁ ብትኖሩ ለምታምኑት ሰው፣ ለመጋቢ፣ ለሐኪም ዛሬውኑ ንገሩ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም።)

ዳንጂ ከቀብሩ በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። ቡድኑ 14 አሸንፎ በ2 ብቻ ተሸንፎ መደበኛውን ውድድር ጨረሰ፤ ከ32ቱ ቡድኖች የሚተካከለው አልነበረም። እንግዲህ የዋንጫው ታሪክ በስብከት እንደምንሰማው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ሐዘኑ ትኩስ ነው፣ ቡድኑ ጠንካራ ነው፣ ጨዋታው በገዛ ሜዳቸው ነው፣ ምእመናንም እየጸለዩ ነው። ጃንዋሪ 15 ቀን 2006 ግን ኮልትስ በፒትስበርግ ስቲለርስ 21 ለ 18 ተሸንፎ ከጥሎ ማለፉ ወጣ። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ጨዋታውን እኩል ሊያደርግ የሚችለው የ46 ያርድ ምት ከምሰሶው ውጭ አለፈ። ስቲለርስ ዳንጂ በወጣትነቱ የተጫወተበትና የሱፐር ቦውል ቀለበት ያገኘበት ቡድን ነው፤ የዚያን ዓመት ዋንጫም እነርሱ ወሰዱት።

ሰው ተስፋ የሚያደርግበት ዓመት እንደዚያ አለፈ። ተከትሎ የመጣው የ2006 ቡድን ደግሞ ከቀድሞው የተሻለ አልነበረም። ኳስ ይዞ በመሮጥ የታወቀው ኤጀሪን ጄምስ ወደ ሌላ ቡድን ሄዶ ነበር። በእርሱ ቦታ አዲስ ገቡ ጆሴፍ አዳይና ዶሚኒክ ሮድስ ተፈራረቁ። ያን ምት የሳተው መቺም ተሰናብቶ በእርሱ ፈንታ አዳም ቪናቲዬሪ ከኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ መጣ። ፓትሪየትስ በ2003ም በ2004ም ውድድር ኮልትስን ከጥሎ ማለፍ ያስወጣ ቡድን ነበር።

ጅማሬው ግን አስደናቂ ነበር፤ ዘጠኝ ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ። ከዚያ ነገሩ መበላሸት ጀመረ። ከቀሩት ሰባት ጨዋታዎች በአራቱ ተሸነፉ። ደካማ ጎናቸው ለሁሉም ግልጽ ነበር፤ ኳስ ይዞ የሚሮጥባቸውን ማቆም አልቻሉም። ዲሴምበር 10 ቀን የጃክሰንቪል ቡድን 44 ለ 17 ሲያሸንፋቸው በሩጫ ብቻ 375 ያርድ ሄደባቸው። ሜዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 ያርድ እንደሆነ ካሰባችሁ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። በዓመቱ መጨረሻ ሩጫን በመከላከል ከ32 ቡድኖች 32ኛ ነበሩ፤ በአማካይ በእያንዳንዱ ጨዋታ 173 ያርድ። ዳንጂ ደግሞ ስሙን ያገኘው በመከላከል ሥልት ነበር። ሙያው በሆነው ነገር ነበር የሚያፍረው።

እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ አሠልጣኝ ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ ሰው ያባርራል። ዳንጂ በተጫዋች ላይ ባለመጮኽና ባለመሳደብ የታወቀ ነው። በታምፓ ቤይ ሳለ ይህ ጠባዩ እንደ ድክመት የተቆጠረበት ጊዜ ነበር። ያን ደካማ ቡድን አንሥቶ ለጥሎ ማለፍ ካበቃው በኋላ በ2002 መጀመሪያ አሰናበቱት፤ በቀጣዩ ውድድር ያ ቡድን በሌላ አሠልጣኝ ሱፐር ቦውልን አሸነፈ። አንዱ ተክሎ ሌላው አጨደ ማለት ይህ ነው።

በ2006 መጨረሻም ዳንጂ መንገዱን አልቀየረም። 12 አሸንፈው በ4 ተሸንፈው ወደ ጥሎ ማለፍ ገቡ። በጉዳት ምክንያት በመደበኛው ውድድር አራት ጨዋታ ብቻ የተጫወተው ተከላካይ ቦብ ሳንደርስ ተመለሰ። ጃንዋሪ 6 ቀን 2007 ከካንሳስ ሲቲ ጋር ሲጋጠሙ ሁሉም የሚጠብቀው ላሪ ጆንሰን እንዲሮጥባቸው ነበር፤ በዚያ ዓመት ከ1,700 ያርድ በላይ የሮጠ ሰው ነው። 32 ያርድ ብቻ ሮጠ። ኮልትስ 23 ለ 8 አሸነፈ። በሳምንቱ ባልቲሞር ሄደው 15 ለ 6 አሸነፉ፤ 15ቱም ነጥብ ከቪናቲዬሪ አምስት ምቶች የመጣ ነው። (ኮልትስ ራሱ እስከ 1984 የባልቲሞር ቡድን ነበር፤ ዕቃውን በሌሊት በጭነት መኪና ጭኖ ነው ከከተማው የወጣው። ባልቲሞሮች ይህን አልረሱም።)

ጃንዋሪ 21 ቀን የመጣው ፓትሪየትስ ነው። እኔ ከሱፐር ቦውሉ ይልቅ ይህን ጨዋታ አስበልጣለሁ። ማኒንግ የወረወረው ኳስ ተጠልፎ ታችዳውን ተቆጠረበትና 21 ለ 3 ሆነ። ደጋፊው ያለፉትን ዓመታት ማስታወስ ጀመረ። እረፍት ሲወጡ 21 ለ 6 ነበር። ዳንጂ በመልበሻ ክፍል እንደ ልማዱ በረጋ ድምፅ አነጋገራቸው። ከእረፍት በኋላ 21 እኩል ሆኑ፣ ፓትሪየትስ መራ፣ ኮልትስ ደረሰበት፣ እንደገና መራ፣ እንደገና ደረሰበት። አንድ ደቂቃ ሲቀር ጆሴፍ አዳይ ከሦስት ያርድ ሮጦ ገባ፤ 38 ለ 34። ቶም ብሬዲ ለመጨረሻ ጊዜ የወረወረውን ኳስ ማርሊን ጃክሰን ጠለፈው። ከ18 ነጥብ ልዩነት ተመልሶ ማሸነፍ በዚህ ደረጃ ጨዋታ እስከዚያ ቀን ታይቶ አያውቅም ነበር።

በዚያው ዕለት ጥቂት ሰዓታት ቀደም ብሎ የቺካጎ ቤርስ አሠልጣኝ ላቪ ስሚዝ ቡድኑን ለሱፐር ቦውል አብቅቶ ነበር። ስሚዝ በታምፓ ቤይ ከ1996 ጀምሮ በዳንጂ ሥር የሠራ ረዳት ነበር፤ እርሱም እንደ ዳንጂ አማኝና የማይሳደብ ሰው ነው። ሁለቱም ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት 40 ሱፐር ቦውሎች አንድም ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ቆሞ አያውቅም ነበር፤ አሁን ሁለት በአንድ ጊዜ ቆሙ።

ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2007 በማያሚ ዝናብ ዘነበ፤ በሱፐር ቦውል ታሪክ በዝናብ የተካሄደ የመጀመሪያው ጨዋታ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 14 ሰከንዶች የቤርሱ ዴቪን ሄስተር የመክፈቻውን ምት ተቀብሎ 92 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። ኮልትስ አልተደናገጠም፤ ቀስ በቀስ ደርሶ በመጨረሻ 29 ለ 17 አሸነፈ። ማኒንግ የዕለቱ ኮከብ ተባለ። ዳንጂ ሱፐር ቦውልን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ሆነ። ዋንጫውን ሲቀበል በዚህ መኩራቱን ተናገረ፤ ከዚያ የሚበልጥበት ግን ሁለቱም ክርስቲያን አሠልጣኞች መሆናቸውና በጌታ መንገድ መሥራት እንደሚቻል ማሳየታቸው መሆኑን ጨመረ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ይህ ዋንጫ የጄምስ ካሳ ነበርን? የኢዮብ ወዳጆች ስህተት ምን እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ መከራ ካለ ኃጢአት አለ ብለው ደመደሙ። እኛ ደግሞ ሒሳቡን ገልብጠን እንይዘዋለን፤ ጽናት ካለ ዋንጫ ይመጣል እንላለን። ስሌቱ ግን ያው ነው። ልጁ በሞተበት ሰሞን የነበረው የተሻለው ቡድን ተሸነፈ፤ በሩጫ መከላከል መጨረሻ የወጣው አሸነፈ። የጃንዋሪ 2006ቱ ምት ከምሰሶው ውጭ የሄደው የዳንጂ እምነት ስላነሰ ነው የሚል ሰው አለ? ከሌለ፣ በቀጣዩ ዓመት የገቡት ምቶችም የእምነቱ ዋጋ አይደሉም።

ዳንጂ ራሱ ልጁንና ዋንጫውን በአንድ ሚዛን ላይ አላስቀመጠም። ልጁ ከሞተ ስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ በዲትሮይት በተደረገ አንድ የክርስቲያን ስፖርተኞች የቁርስ ስብሰባ ላይ ስለ ወንዶች ልጆቹ ተናገረ። አንዱ ልጁ ሲወለድ ጀምሮ ሕመም የማይሰማው ነው። እሳት ቢነካው አይሰማውም፤ ስለዚህም ሕመም ክፉ ብቻ ሳይሆን የሚጠብቅ ነገር እንደሆነ ከእርሱ ተምሬአለሁ አለ። ከጄምስ ሞት በኋላም የዓይኑ ብሌን ለሁለት ሰዎች ተሰጥቶ ማየት እንደቻሉ፣ የእርሱን ታሪክ የሰሙ ወጣቶችም እንደጻፉለት ተናግሯል። እዚህ ላይ ብዙ ሰባኪ ያቆማል፤ ሞቱ ለበጎ ሆነ ብሎ። ዳንጂ ግን ቀጥሏል። ልጅህን ልውሰድና እነዚህ ሁሉ ሰዎች ይረዱ ብሎ እግዚአብሔር አስቀድሞ ቢጠይቀኝ ኖሮ አይሆንም እል ነበር ብሏል፤ እግዚአብሔር ግን በገዛ ልጁ ያንኑ ምርጫ አደረገ ሲል አክሏል። አይሆንም እል ነበር ያለውን ቃል ልብ በሉት። ዋንጫ የተቀበለ እጅ ልጅ የቀበረ እጅ መሆኑን አይረሳም።

በጉባኤያችን የምስክርነት ሰዓት ሲሆን እነማን እንደሚነሡ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ቪዛ ያገኘው፣ የተፈወሰው፣ ሥራ የገባው ይነሣል፤ እግዚአብሔርም ይመስገን። ልጇን ቀብራ በማግስቱ እሑድ የመጣችው እናት ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ትሰማለች። የዕብራውያን መልእክት 11ኛው ምዕራፍ የአንበሶችን አፍ የዘጉትንና በመጋዝ የተሰነጠቁትን በአንድ ዝርዝር ውስጥ ነው የሚያስቀምጣቸው፤ ሁለቱም በእምነት ተመስክሮላቸዋል። ዳንጂ በጃንዋሪ 2006 ተሸንፎ ከሜዳ ሲወጣ ቢመሰክር ኖሮ በፌብሩዋሪ 2007 ከመሰከረው ያነሰ አይሆንም ነበር። እኛ ግን የምንጋብዘው ዋንጫ የያዘውን ነው።

በሌላው ወገን የቆመውን ሰውም አንርሳው። ላቪ ስሚዝ በዚያ ዝናብ ተሸነፈ። ያው እምነት፣ ያው ጠባይ፣ ያው ጸሎት ነበረው። እስከ 2012 ቤርስን አሠልጥኖ በዚያ ዓመት 10 ጨዋታ አሸንፎ ሳለ ለጥሎ ማለፍ ስላልበቃ በዓመቱ መጨረሻ ቀን ተሰናበተ። የዳንጂ ኮልትስ ደግሞ በ2007 ከቀድሞው በልጦ 13 አሸነፈ፤ በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ጨዋታው ግን በገዛ ሜዳው በሳን ዲዬጎ 28 ለ 24 ተሸነፈ። በ2008ም እንደገና በሳን ዲዬጎ ተሸንፈው ወጡ፤ ዳንጂም በጃንዋሪ 2009 ሥራውን ተወ። በ2016 በፉትቦሉ የዝና አዳራሽ ስሙ ሲሰፍር በአሠልጣኝነቱ የነበረው የሱፐር ቦውል ዋንጫ ያው በዝናቡ ምሽት ያገኘው አንዱ ነበር።