ሜርስ፦ የግመል ቫይረስ ወደ ሰው ሳንባ እንዴት ይገባል?

በግመል እርባታ የምትሠሩ ወይም ግመል ያለው ቤተሰብ ጋ የተቀጠራችሁ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

ሜርስ የኮሮና ዘመድ የሆነ ቫይረስ የሚያመጣው የሳንባ በሽታ ነው። መጀመሪያ የታወቀው በ2012 እ.ኤ.አ. ሳውዲ አረቢያ ውስጥ ነው። በሽታው ተመርምሮ ከተረጋገጠባቸው ሰዎች ከ3 አንዱ ያህል ሞተዋል። ቀለል ብሎ ያለፈላቸው ሰዎች ግን ሳይመዘገቡ ሊቀሩ ይችላሉ።

ቫይረሱ በምን በኩል ይገባል?

ቫይረስ ብቻውን መራባት አይችልም፤ የግድ የሰው ወይም የእንስሳ ሴል ውስጥ መግባት አለበት። የሜርስ ቫይረስ ከውጭ ስስ የስብ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ላይ እንደ እሾህ የቆሙ ፕሮቲኖች አሉ። የኛም ሴል ዙሪያው በስብ የተሸፈነ ነው። እሾሁ ሁለቱን ሽፋኖች አንድ የሚያደርገው በሦስት ደረጃ ነው፦

1. ይይዛል። የእሾሁ ጫፍ ሴላችን ላይ ያለውን ዲፒፒ4 የተባለ ፕሮቲን ይጨብጣል።
2. ይቆረጣል። የራሳችን ሰውነት ኢንዛይሞች እሾሁን ሲቆርጡት ውስጡ ተደብቆ የነበረው ክፍል ይለቀቃል።
3. ይጎትታል። የተለቀቀው ክፍል ሴሉን ወግቶ ይገባና ተመልሶ ይታጠፋል። ያኔ ሁለቱ ሽፋኖች ተጠጋግተው፣ ሾርባ ላይ እንደተገናኙ የዘይት ጠብታዎች ይዋሃዳሉ። ቀዳዳ ይከፈታል፤ የቫይረሱ ዘረመል ወደ ውስጥ ይገባል።

ግመሉ ደህና ሆኖ እኔ ለምን እታመማለሁ?

ዲፒፒ4 በግመል ላይ በብዛት የሚገኘው አፍንጫ ውስጥ ነው። ስለዚህ ግመሉ ንፍጥ ብቻ ሊኖረው ወይም ጤነኛ ሊመስል ይችላል። በሰው ላይ ግን በብዛት ያለው ሳንባ ውስጥ፣ ጥልቅ ቦታ ነው። ለዚህ ነው ሰውን ከባድ የሳንባ ምች የሚያሲዘው። ከሰው ወደ ሰው እንደ ጉንፋን በቀላሉ አይተላለፍም፤ በሽተኛ በቅርብ የሚያስታምም ሰው ግን ሊያዝ ይችላል።

እንዴት እንከላከል?

• እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሳሙና ከሳህን ላይ ቅባት እንደሚያስለቅቅ ሁሉ የቫይረሱንም የስብ ሽፋን ያፈርሰዋል። ሽፋኑ ከፈረሰ እሾሁ ብቻውን ምንም አያደርግም።
• ወተቱን አፍሉ። አፋር፣ ሶማሌ ወይም ቦረና ላደገ ሰው ጥሬ የግመል ወተት አዲስ ነገር አይደለም። እዚህ ግን አፍልታችሁ ጠጡ። ሥጋውንም አብስሉ፤ ሽንቱን አትጠጡ።
• የግመሉን አፍንጫና አፍ ስትነኩ ጓንትና ማስክ አድርጉ። ፊታችሁን በእጃችሁ አትንኩ። የሥራ ልብሳችሁን ወደ መኝታ ክፍል አታስገቡ።
• ስኳር፣ የኩላሊት ወይም የቆየ የሳንባ በሽታ ያለበት ሰው ግመል ጋ ባይጠጋ ይሻላል።

ከታመማችሁ

ምልክቶቹ ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ናቸው፤ ተቅማጥም ሊኖር ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይጀምራሉ። ሐኪሙ ካልነገራችሁት ጉንፋን ነው ብሎ ሊያልፈው ስለሚችል፣ ሳይጠይቃችሁ «አና አሽተጊል መዓል ጂማል» (ግመሎች ጋ ነው የምሠራው) በሉት።

መተንፈስ ካቃታችሁ አምቡላንስ ጥሩ፦ ሳውዲ 997፣ ኤምሬትስ 998። ኢቃማችሁ አሠሪው ጋ ስለሆነ ብላችሁ አትዘግዩ፤ ፎቶውን ስልካችሁ ላይ አስቀድማችሁ ያዙ።

ሳሙና፣ ጓንትና ማስክ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። አሠሪያችሁ ካንገራገረ «እኔ ከታመምኩ በሽታው ቤታችሁ ሊገባ ይችላል» ብላችሁ ንገሩት፤ እውነት ነውና። ጥያቄያችሁን በዋትሳፕ ጽፋችሁ ላኩ፣ መልእክቱንም አታጥፉት። በኋላ አቤት ማለት ቢያስፈልግ ማስረጃ ይሆናችኋል።